የፈረንጅ ሱፍ፣ ሸንኮራ አገዳና ቤዝቦል

ዳዊት፦ እሺ፣ እየቀዳን ነው። ሜሮን እንዴት ሰነበትሽ?

ሜሮን፦ ተመስገን። ዛሬ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነው አይደል? ባለፈው ሳምንትም ብለን ሳንደርስበት ቀረን።

ዳዊት፦ ዛሬ እንደርስበታለን። ግን መጀመሪያ ቅዳሜ የሆነውን ልንገርሽ፣ የተያያዘ ነው። ልጄ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝቦል መጫወት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ጨርሶ አይገባኝም ነበር። እኔ እግር ኳስ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሩጫ። እዚህ ሁለት ሰዓት ተቀምጠሽ አብዛኛውን ጊዜ የምታዪው ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። እና አንድ አባት አጠገቤ ይቀመጣል፣ በስፓኒሽ ይቀጥላል። አልገባኝም ስለው፣ «ዶሚኒካን አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

ሜሮን፦ ውይ፣ እኔንም ሱፐርማርኬት ሁሌ በስፓኒሽ ነው የሚያናግሩኝ! አንዴማ አንዲት እናት ልጄ ብላ እስክትጨርስ ዝም ብዬ አዳመጥኳት።

ዳዊት፦ አየሽ! እኔም ኢትዮጵያዊ ነኝ አልኩት። ሳቀና ከኪሱ የፈረንጅ ሱፍ አውጥቶ ሰጠኝ። ቤዝቦልና የሱፍ ፍሬ አይለያዩም። ተጫዋቾቹም ተመልካቹም ይቆረጥማሉ፣ ቅርፊቱ መሬቱን ይሸፍነዋል። እኛ ቤት እኮ በጾም ሱፍ ፍትፍት ይሠራበታል አልኩት።

ሜሮን፦ እሱማ ሌላ ሱፍ ነው። የፍትፍቱ ያ ነጩ፣ ትንሹ ነው።

ዳዊት፦ አንድ ናቸው።

ሜሮን፦ አይደሉም! እናቴን ጠይቃት።

ዳዊት፦ እሺ እጠይቃለሁ። ብቻ በሱፉ ጀመርን፣ በአራት ጨዋታ ቤዝቦልን አስተማረኝ። የመጣው ከየት መሰለሽ? ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ከሳን ፔድሮ ዴ ማኮሪስ! ይሄ ስም ቤዝቦል ለሚያውቅ ሰው በቆጂ አትሌቲክስ ለሚያውቅ ሰው እንደሆነችው ነው። ሳሚ ሶሳ የዚያ ነው። ሮቢንሰን ካኖ የዚያ ነው። ሪኮ ካርቲ በዚያው አካባቢ ኮንሱኤሎ ነው የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ከአሜሪካ ሁለት ትልልቅ ሊጎች በአንዱ፣ በናሽናል ሊግ፣ ከመቺዎች ሁሉ አንደኛ የወጣው። ጆርጅ ቤል በ1987 የሌላኛው፣ የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ሆኗል። አልፍሬዶ ግሪፊንም አለ። አሁን ስሞቹን ስሚ፦ ካርቲ፣ ቤል፣ ግሪፊን። እነዚህ የስፔን ስሞች ይመስሉሻል?

ሜሮን፦ የእንግሊዝ ስሞች ናቸው እንጂ።

ዳዊት፦ በቃ፣ ታሪኩ እዚያ ውስጥ ነው። ሳን ፔድሮ የስኳር ከተማ ናት። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አገዳ የሚቆርጥ ሰው ሲጠፋ ከሴንት ኪትስ፣ ከኔቪስ፣ ከአንጉዪላ፣ እንግሊዝኛ ከሚናገሩት ትንንሽ ደሴቶች ጥቁር ሠራተኞች መጡ። የአገሬው ሰው ኮኮሎ አላቸው። ስድብ ነበር። ክሪኬታቸውን፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ ጭፈራቸውን ይዘው ነው የመጡት። ልጆቻቸው ከክሪኬቱ ወደ ቤዝቦል ዞሩ። ትናንት ኮኮሎ እየተባሉ የተናቁት ሰዎች ልጆች የአገሪቱን ማሊያ ለብሰው ሲመቱ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። የኮኮሎዎች ጭፈራ ዛሬ በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ላይ አለ።

ሜሮን፦ ታዲያ ጥሩ ነው የጨረሰው።

ዳዊት፦ ለእነሱ። ከእነሱ በኋላ ለአገዳው የመጡት ግን ሄይቲዎች ናቸው፣ እዚያው ደሴት ላይ ድንበር ተሻግረው። ባቴይ በሚባለው፣ በአገዳው እርሻ መሀል ባለው የሠራተኛ ሰፈር ይኖራሉ። በ1937 አምባገነኑ ትሩሂዮ በሺህ የሚቆጠሩ ሄይቲዎችን አስጨፈጨፈ። ወታደሮቹ ፐርስሊ ቅጠል ይዘው «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉ ነበር ይባላል። በስፓኒሽ ፔሬሂል ነው፣ አር የምትለዋን ድምፅ እንደ ዶሚኒካኑ ያላወጣት ሰው ይገደላል። በአንዲት ፊደል፣ ሜሮን! በዚያው ዓመት ደግሞ ትሩሂዮ እነ ሳቸል ፔይጅን፣ እነ ጆሽ ጊብሰንን ከአሜሪካ አስመጥቶ በስሙ ቤዝቦል አጫውቷል። በአገራቸው ጥቁር ናችሁ ተብለው ትልቁ ሊግ የተዘጋባቸውን ሰዎች።

ሜሮን፦ በአንድ ዓመት ውስጥ?

ዳዊት፦ በአንድ ዓመት። እና ያ ሰውዬ፣ በአራተኛው ጨዋታ ላይ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያቴ ሄይቲ ነበረች» አለኝ። ያወቀው ስትቀበር ነው። ቤት ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። እናቱ ደግሞ ከእሱ ቀላ ያለች እንዲያገባ ትመክረው ነበር። ሜኾራር ላ ራሳ ይሉታል፣ ዘር ማሻሻል ማለት ነው።

ሜሮን፦ እኔ ግን ሁሉንም በቀለም አላየውም። ድህነት ነው። ድንበር ነው። ደሃ ጎረቤት ሲመጣብህ ሥራዬን ወሰደ ትላለህ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን።

ዳዊት፦ ሥራውን እኮ ማንም አልፈለገውም፣ ለዚያ ነው የተጠሩት። በ2013 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፣ ከ1929 ወዲህ ሕጋዊ ወረቀት ከሌላቸው የውጭ ሰዎች የተወለደ ዜጋ አይደለም ብሎ ወሰነ። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ ሌላ አገር የማያውቅ ሰው ማለት ነው። አብዛኞቹ የሄይቲ ዘር ያላቸው ናቸው። በዓመቱ ሌላ ሕግ ወጥቶ የተወሰኑት ተመለሰላቸው፣ ብዙዎቹ ግን አልተመለሰላቸውም። ይሄ ድህነት ብቻ ነው?

ሜሮን፦ ድህነት ብቻ ነው አላልኩም። ሁለቱም አለ ነው የምልህ።

ዳዊት፦ እሺ፣ ሁለቱም አለ። የትኛው ይብሳል በሚለው ግን አንስማማም።

ሜሮን፦ አንስማማም። ቀጥል።

ዳዊት፦ ያን ቀን ወደ ቤት ስንነዳ ምን ሆነ መሰለሽ። በስልክ ከጓደኛዬ ጋር እያወራሁ «ሰፈሩ ጥቁሮች በዝተውበታል» አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት። ልጄ ከኋላ ሆኖ «አባዬ፣ እኛስ ምንድን ነን?» አለኝ።

ሜሮን፦ ኧረ ዳዊት።

ዳዊት፦ መኪናውን ዳር አስያዝኩ። እውነቴን ነው። እዚህ አገር መጥተን ጥቁሮች እያልን ስለ ሌላ ሰው እናወራለን። አገራችንም ሳለን ባሪያ የሚለውን ቃል በሰው ፊት ላይ ስንወረውር ኖረናል። ያ ሰውዬ የአያቱን ነገር ሲነግረኝ የፈረድኩት በእሱ እናት ላይ ነበር።

ሜሮን፦ ምን መለስክለት ታዲያ?

ዳዊት፦ «እኛም ጥቁር ነን፣ አባዬ ተሳስቷል» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ።

ሜሮን፦ እኛ ቤትም ይባል ነበር። ማንም ጠይቆ አያውቅም እንጂ... ክሌሜንቴ! እባክህ፣ ሰዓቱ ሄደ።

ዳዊት፦ ክሌሜንቴ! በ1934 ፖርቶ ሪኮ፣ ካሮሊና ተወለደ። አባቱ በአገዳ እርሻ አለቃ ነበር፣ እዚህም አገዳ። በ1955 አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ቡድን ገባ። ፖርቶ ሪኮ ዘረኝነት የለም ማለቴ አይደለም፣ ግን ፍሎሪዳ ልምምድ ላይ ያየው ሌላ ነው። ነጮቹ ሬስቶራንት ገብተው ይበላሉ፣ ጥቁሮቹ አውቶቡስ ውስጥ ይቀራሉ፣ ምግብ ይወጣላቸዋል። እሱ ይሄንን ምግብ አልበላም አለ። የራሳችን መኪና ይሰጠን ብሎ ጠየቀ፣ ተሰጣቸው። ጋዜጠኞቹ እንግሊዝኛውን ከነአነጋገሩ፣ ከነስብራቱ ይጽፉት ነበር። ስሙንም ቦብ አሉት፣ ካርዱ ላይ ሳይቀር ቦብ ክሌሜንቴ። እሱ ሮቤርቶ ነኝ አለ።

ሜሮን፦ ስሜን አትቀይሩብኝ ማለት ቀላል አይደለም። እኔ ሥራ ቦታ ዝም ብያለሁ፣ ሜሪ ነው የሚሉኝ።

ዳዊት፦ በይ ንገሪያቸው! በመስከረም 1972 ሦስት ሺኛውን ምቱን መታ። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ማናጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ እርዳታውን ራሱ ይዞ ወደ ኒካራጓ ሊሄድ አውሮፕላን ተሳፈረ። ባሕር ላይ ወደቀ። 38 ዓመቱ ነበር።

ሜሮን፦ 38 ብቻ።

ዳዊት፦ እኔ ግን የምወደው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። በ1971 ዋንጫውን ወሰዱ፣ እሱ ኮከብ ተባለ። ማይክ ቀረበለት፣ በቀጥታ ስርጭት፣ አሜሪካ በሙሉ እያየ። ከእንግሊዝኛው በፊት በስፓኒሽ ለእናትና አባቱ ተናገረ። ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ምርቃታቸውን ለመነ።

ሜሮን፦ ምርቃት? እንደ እኛ?

ዳዊት፦ ልክ እንደ እኛ! ቤንዲሲዮን ይሉታል። ያ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ ልጁ ከሜዳ ሲወጣ፣ ተሸንፎም ቢሆን፣ መጀመሪያ «ቤንዲሲዮን» ነው የሚለው። አባትየው እግዚአብሔር ይባርክህ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ነው ሱፉን የሚሰጠው።