አንድ ተማሪ ፋብሪካ ገብቶ የጠየቀው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል የማነሣው ጉዳይ ተማሪዎች ስለ ነፃ ገበያ አስተሳሰብ የሚያካሂዱት ጥናት ነው። እኔ ራሴ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ መስክ ስለሠራሁ፣ ከዚያም ወዲህ የበርካታ ወጣቶችን ረቂቅ ስላነበብኩ፣ ነገሩ ለረጅም ጊዜ በልቤ ሲብላላ ቆይቷል።

ጽሑፌ ያተኮረው የኢኮኖሚክስ ሊቁ ፍሬድሪክ ሃይክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው፣ ዕውቀት በኅብረተሰብ ውስጥ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል በሚመረምረው አጭር ጽሑፍ ላይ ነበር። ሃይክ የቆርቆሮ ማዕድንን ምሳሌ ያነሣል፤ ከምንጮቹ አንዱ ቢደርቅ ወይም አዲስ ጥቅም ቢገኝለት፣ እጅግ ብዙ ተጠቃሚዎች ምክንያቱን ሳያውቁ ዋጋው መወደዱን ብቻ አይተው አጠቃቀማቸውን ይቆጥባሉ። ማንም ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊሰበስበው የማይችል፣ በየሰዉ እጅ የተበተነ ዕውቀት በአንዲት ቁጥር ተጠቃሎ ይተላለፋል ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያደረብኝ መደነቅ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ችግሩ ግን ጽሑፌ ከመደነቅ አልፎ አለመሄዱ ነበር። አማካሪዬ ሦስተኛውን ምዕራፍ ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ይህ ሐሳብ ስሕተት ቢሆን ኖሮ በምን ታውቅ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ኦስትሪያዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሉድቪግ ፎን ሚዝስ በ1920፣ መንግሥት ሁሉን በሚያቅድበት የሶሻሊስት ሥርዓት እንደሚሆነው፣ የማምረቻ መሣሪያዎች ገበያ በሌለበት እውነተኛ ዋጋ እንደማይኖር፣ ዋጋ በሌለበት ደግሞ የትኛው አመራረት እንደሚያዋጣ ማስላት እንደማይቻል መከራከሩን ጽፌ ነበር። ሶሻሊስቱ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ኦስካር ላንጌ በ1930ዎቹ የሰጠውን ምላሽ ግን ያወቅሁት ከተቃዋሚዎቹ አፍ እንጂ የራሱን ጽሑፍ ገልጬ አልነበረም። ከዚያች የእርሳስ ጽሑፍ በኋላ ላንጌን ራሱን ሳነብ የጠበቅሁትን ተላላ ሰው አላገኘሁትም። ኢኮኖሚውን የሚመራው የመንግሥት የዕቅድ አካል ዋጋ ይተምናል፣ ዕቃ ሲከማች ዝቅ፣ ሲያጥር ደግሞ ከፍ እያደረገ በሙከራ ያስተካክለዋል ይላል፤ ለዚህም የሚጠቀመው የገበያ ደጋፊዎች ራሳቸው የሚያስተምሩትን ንድፈ ሐሳብ ነው። የሃይክ የቆርቆሮ ምሳሌ የእውነት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ምሳሌው ለገበያ የቀረበ ውዳሴ ከመሆኑ በፊት፣ የዕቅድ አካሉ ይጠቀምበታል የሚባለው ዕውቀት አስቀድሞ ለማንም ያልተሰጠና በየሥራው ውስጥ ብቻ የሚገኝ ስለመሆኑ የቀረበ መከራከሪያ ነው። ተቃዋሚውን ሳላነብ የምደግፈውን ሰው እንኳ በቅጡ አላነበብኩትም ነበር።

በዚህ መስክ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የእንግሊዛዊውን የኢኮኖሚክስ ሊቅ የሮናልድ ኮዝን ታሪክ ነው። ኮዝ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሲማር ከመምህሩ ከአርኖልድ ፕላንት የሰማው ትምህርት የኢኮኖሚውን ሥራ የሚያቀናጀው ዋጋ ነው የሚል ነበር። በሌላ በኩል ሌኒን የሩሲያ ኢኮኖሚ እንደ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ይመራል ማለቱን ያውቃል፤ የምዕራቡ ሊቃውንትም ይህ የማይቻል ነው ይሉ ነበር። ወጣቱን ያስጨነቀው ታዲያ በዚያው በምዕራቡ ዓለም፣ አንዳንዶቹም እጅግ ግዙፍ የሆኑ፣ በትእዛዝ የሚመሩ ፋብሪካዎች መኖራቸው ነው። ሠራተኛው ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው የሚዛወረው ዋጋ ስለተለወጠ ሳይሆን አለቃው ስላዘዘው ነው። ገበያ ሁሉን የሚያቀናጅ ከሆነ ኩባንያ ለምን ያስፈልጋል?

ኮዝ ይህን ጥያቄ ይዞ በ1931 በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ያን የትምህርት ዓመትም ብዙውን ጊዜ ፋብሪካዎችን እየጎበኘ፣ ኃላፊዎቹ አንዱን ዕቃ ራሳቸው ሠርተው ሌላውን ለምን ከውጭ እንደሚገዙ እየጠየቀ አሳለፈው። ያገኘው መልስ ዛሬ ግልጽ ይመስላል። በገበያ መጠቀም ራሱ ወጪ አለው፤ ዋጋ ማጣራት፣ መደራደር፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ውል መዋዋል ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ይህ ወጪ በውስጥ ከማደራጀት ሲበልጥ ኩባንያ ይፈጠራል፣ ይስፋፋልም። ጽሑፉ በ1937 ታተመ፤ ከ54 ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ሆነ። እኔን ከሽልማቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ያ ተማሪ የመምህሩን ትምህርት አክብሮ፣ ትምህርቱ ሊያስረዳው ያልቻለውን ነገር ፍለጋ መሄዱ ነው። ብዙዎቹ የማነባቸው ረቂቆች መደምደሚያቸውን ገና በመግቢያው ይዘው ይመጣሉ፤ የኮዝ ጥናት ግን ሲጀመር ደራሲው ራሱ ወዴት እንደሚያደርሰው አያውቅም ነበር።

ይህ ልማዱ በስተርጅናም አልተወውም። እንግሊዛዊው ፈላስፋና የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1848 መርከቦችን ከአለት የሚጠብቁትን በባሕር ዳርቻ ያሉ የመብራት ማማዎች መንግሥት ሊያቀርባቸው የሚገባ አገልግሎት አድርጎ ከጠቀሰ ወዲህ፣ ምሳሌው ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ኖሯል። ኮዝ በ1974 የእንግሊዝን ታሪክ ሲመረምር ግን፣ በግለሰቦች የተሠሩ ማማዎች እንደነበሩና ወጪያቸውም መርከቦች ወደብ ላይ ከሚከፍሉት ክፍያ ይሸፈን እንደነበር አሳየ። እዚህ ላይ የነፃ ገበያ ወዳጆች ቶሎ ማጨብጨባችን ያሳስበኛል። ክፍያውን የመሰብሰቡ መብት ከዘውዱ የተሰጠ፣ በሕግም የሚያስገድድ ስለነበር፣ ይህ ሥርዓት የገበያ ነው ወይስ የግብር ዘመድ ነው የሚለውን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አጥብቀው ጠይቀዋል። እኔ በበኩሌ ኮዝ አሮጌውን ምሳሌ አፍርሶታል ብዬ አምናለሁ፤ በቦታው ግን ንጹሕ የገበያ ምሳሌ ተክሏል ለማለት አልደፍርም።

የጥናት ርዕስ ፍለጋ የምትቸገሩ ተማሪዎች ብትኖሩ፣ ይህን ክርክር እንድትይዙት እጋብዛችኋለሁ። ሚልን፣ ኮዝንና ተቺዎቹን እያንዳንዳቸውን ከራሳቸው ጽሑፍ አንብቡ፤ ከዚያም ክፍያውን ማን ፈቀደ፣ ማን ሰበሰበ፣ አልከፍልም ያለው መርከብስ ምን ገጠመው ብላችሁ ጠይቁ።