የግምት ደብተራችን
(በጎንደር፣ በተከታታይ ፊልም ተመልካቾች የግምት ምሽት የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ በዚህ ዝናብ ከአዘዞና ከማራኪ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

"አንቺ ክፈቺልን" ብላችሁ ስለመረጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርዕስ የክበባችን ታሪክ ነበር። ታሪኩን ግን እዚህ ያለነው ሁላችንም አብረን ኖረነዋል። ፒያሳ ካለ አንድ ፊልም ቤት በፍላሽ አስጭነን፣ ስድስት ሰው በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተጠጋግተን ነው የጀመርነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ እናያለን። ባትሪው ሲያልቅ በጨለማ እንከራከራለን። እውነቱን ለመናገር፣ ከፊልሙ ይልቅ የጨለማው ክርክር ነው ያቆራኘን። ስለዚህ ታሪኩን እዚህ ላይ ልተወውና ወደመጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ዛሬ የተሰበሰብነው ትሩ ዲቴክቲቭ የሚባለውን የወንጀል ምርመራ ተከታታይ ፊልም የሲዝን 5 ግምታችንን በይፋ ለመጀመር ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ ሲዝን 5 እንደሚሠራ ያስታወቀው በ2024 የካቲት ላይ ነበር። የምትመራውም ሲዝን 4ን የሠራችው ሜክሲኳዊቷ ኢሳ ሎፔዝ ናት። ወሬው እንደተሰማ፣ ወንጀለኛው ማን እንደሆነ ግምታችንን የምንጽፍበት ደብተራችን ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለውም።

ይህ ተከታታይ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ። በየሲዝኑ ታሪኩም፣ ቦታውም፣ ተዋንያኑም ይለወጣሉ። በ2014 ሉዊዚያና ነበርን፣ ሸንኮራ አገዳ ማሳ ውስጥ። በ2015 ካሊፎርኒያ። በ2019 አርካንሳስ፣ ከማኸርሻላ አሊ ጋር። በ2024 ደግሞ ፀሐይ ለሳምንታት የማትወጣበት አላስካ፣ ከጆዲ ፎስተር ጋር። እናም አዲስ ሲዝን በመጣ ቁጥር ከባዶ ነው የምንነሳው። የምናውቀው መርማሪ የለም፣ የምናውቀው መንደር የለም። ለግምት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ግምት ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሁላችንም በእንቆቅልሽ ነው ያደግነው። ማታ እሳት ዳር ሆነን፣ "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልሽ!" እያልን። ጠያቂዋ ትጠይቃለች። እኛ እንገምታለን። ያቃተን እንደሆነ ደግሞ አገር እንሰጣለን። ጎንደርን ሰጠሁሽ፣ ደብረ ታቦርን ሰጠሁሽ። አገሯን ከተረከበች በኋላ ነው መልሱን የምትነግረን።

የዚያ ጨዋታ ሕግ አሁን ነው የሚገባኝ። መልሱ ከእንቆቅልሹ ቃል ሁሉ ጋር መግጠም አለበት። አንዷ ቃል ካልገጠመች ግምትህ ወድቋል። ደግሞም አለማወቅ ያስከፍላል። ያላወቀ ሰው አገር ይሰጣል እንጂ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ "አንተ ነህ መልሱ" ብሎ አይጠቁምም።

እኛ ግን እንጠቁማለን። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ይህንን ነው።

ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ የግምት ደብተሩን ቤት ወስጄ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። የሻይ ጠብታ ያለበት ገጽ አለ። በጨለማ ስለተጻፈ መስመሩ የተጣመመ አለ። እያነበብኩ ስሄድ ግን ልቤ ከበደኝ። የተከታታዩ ስም ይለያያል፣ የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ ይለያያል፣ ተጠርጣሪው ግን አንድ ዓይነት ሰው ነው። "ያ ዝምተኛው።" "ያ ብቻውን የሚኖረው።" "መጤው።" "አትክልተኛው፣ ዓይኑ ደስ አይልም።" ማስረጃ ብለን የጻፍነው ምንድን ነው? "ሁኔታው።" "አስተያየቱ።" "እኔ እንጃ፣ ብቻ እሱ ነው።"

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ሲዝን 1ን አስታውሱ። ታሪኩ 2012 ላይ ሲደርስ፣ የቀድሞውን መርማሪ ራስት ኮልን ወንበር ላይ አስቀምጠው የሚጠይቁትን ሁለት መርማሪዎች አስታውሱ። ሰውየው ጸጉሩን አስረዝሟል፣ ቢራውን ይጠጣል፣ ንግግሩ ከሰው አይገጥምም። መርማሪዎቹ ለካ የሚጠረጥሩት እሱኑ ነው። እኛስ? ደብተራችን ላይ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ዕድሜውን ሁሉ ገዳዩን ሲፈልግ የኖረውን ሰው!

ሲዝን 3 ላይ ስደርስ ደግሞ ደብተሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ታስታውሳላችሁ፣ 1980 ዓመት ኅዳር ላይ ሁለት ወንድምና እህት በብስክሌት ወጥተው ይቀራሉ። ልጁ ሞቶ ይገኛል። ልጅቷ የለችም። በመንደሩ ውስጥ ብሬት ዉዳርድ የሚባል ሰው አለ። የቀይ ሕንዶች ዘር ነው። ቬትናም ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነው። ቆርቆሮና ቁራሌ እየለቀመ ሸጦ ያድራል። ከልጆች ጋር ሲያወራ ታይቷል፤ በቃ፣ ይኼ ብቻ ነው ጥፋቱ። መጀመሪያ መንገድ ላይ ደበደቡት። ቀጥለው መሣሪያ ይዘው ቤቱ ድረስ ሄዱ። ያ ቀን በደም ነው ያለቀው። እሱም ሞተ። ከሞተም በኋላ የልጁ ቦርሳ እሱ ቤት ተገኘ ተባለ፣ ወንጀሉም በእሱ ላይ ተደፋ፣ መዝገቡም ተዘጋ። የሞተ ሰው አይከራከርም።

ሁለተኛው ክፍል ሳያልቅ ደብተራችን ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ታውቃላችሁ? "ቆርቆሮ ለቃሚው ነው፤ ግልጽ ነው።" ከሥሩ የአምስት ሰው ፊርማ አለ። እኛም ከእነዚያ መሣሪያ ከያዙት ሰዎች ጋር መኪናው ላይ ተጭነን ነበር ማለት ነው።

"ፊልም እኮ ነው" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያለፈው ሳምንት አንዱ ወንድማችን እንዲሁ ብሎኛል። እሺ፣ ፊልም ያልሆነውን ልንገራችሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ እንኖር ነበር። ጥምቀት ደርሷል። ጎንደር ጥምቀት ሲደርስ እንዴት እንደምትሆን እኔ ለእናንተ አልነግርም። ቀሚስ ይሰፋል፣ ነጠላ ይታጠባል፣ ጠላው ይጠነሰሳል። የግቢው ባለቤት፣ እትዬ የምንላት፣ የወርቅ ሀብል ነበራት። ጫፉ ላይ ትንሽ መስቀል አለው። ለጥምቀት ብቻ ነው የምታወጣው። በከተራ ዋዜማ ሳጥኑን ከፈተች። ሀብሉ የለም።

ግቢው ተተራመሰ። ሳጥን ተገለበጠ፣ ፍራሽ ተነሳ፣ ጓሮ ተጠረገ። አልተገኘም። ማታ ሁሉም ሰው በረንዳው ላይ ተሰበሰበና ግምት ተጀመረ። ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ደግ ሰዎች ናቸው። አንዷ "ዛሬ ነጠላዋን ለምን አጠበች?" አለች። ሌላዋ "ሀብሉ ጠፋ ከተባለ ጀምሮ እህል አልበላችም" አለች። "ዓይኗን ተመልከቱ፣ ቀና አትልም" አለ አንድ ሽማግሌ። የሚያወሩት ስለ ሠራተኛዋ ነው። ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ አሥራ አምስት ዓመት እንኳን የማይሆናት ልጅ። ነጠላዋን ያጠበችው ጥምቀት ስለሆነ ነው። ያልበላችው ስለፈራች ነው። ቀና የማትለው ቀና እንድትል ፈቅዶላት የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ይህንን ያን ማታ ያለ ሰው አልነበረም።

እኔም ነበርኩበት። ሁሉም ሰው ሲገምት እኔም መገመት አማረኝ። "ሳጥኑ አጠገብ ቆማ አይቻታለሁ" አልኩ። አይቻታለሁ፤ ውሸት አይደለም። በየቀኑ ያንን ክፍል የምትጠርገው እሷ ናት፤ ሳጥኑ አጠገብ ሳትቆም እንዴት ትጠርጋለች? ትልልቆቹ ግን ዘወር ብለው አዩኝ። "ጎበዝ ልጅ" አሉኝ። ደስ አለኝ። ያ ደስታ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

በማግስቱ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ ሰው ሁሉ እልል እያለ ሲያጅብ፣ እሷ በሌላኛው መንገድ ወደ መኪና ተራ ሄደች። ዕቃዋ በአንድ ፌስታል ውስጥ ነበር። ያቺን ያጠበቻትን ነጠላ ለብሳለች። ደሞዟን አልሰጧትም።

ለፋሲካ እትዬ ካባዋን ለልብስ ሰፊ ሰጠች፣ ገበሩ ስለተቀደደ። ሰፊው ገበሩን ሲፈታ ሀብሉ ከውስጥ ወረደ። መስቀሉ ላይ ጥቁር ክር ተጠምጥሞበት ነበር። ከሳጥን ስታወጣና ስትመልስ በቀዳዳው ገብቶ ነው። ሰውየው ክሩን እየፈታ "ይኸው እትዬ፣ ልብስሽ ሰረቀሽ" ሲላት አጠገቧ ቆሜ ነበር።

እትዬ አለቀሰች። ልጅቷን ግን የፈለጋት ሰው የለም። የት እንደሚፈለግም አናውቅም ነበር። ስሟን እንጂ የአባቷን ስም የጠየቃት ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም።

አያቶቻችን አውጫጭኝ ነበራቸው። ወንጀል ሲፈጸም የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሌባ ሻይም ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሌባ ሻይ ዛሬ የለም፤ እንኳንም ቀረ። ግን እኔ እጠይቃችኋለሁ፦ "ዓይኑ ደስ አይልም" ብሎ ሰው መጠቆም ከዚያ በምን ይሻላል? ያ ልጅ እንኳን ሰክሮ ነው። እኛ ምን ጠጥተን ነው?

ዝምታ ማስረጃ አይደለም! ድህነት ማስረጃ አይደለም! ከሌላ አገር መምጣት ማስረጃ አይደለም! ብቻውን የሚኖር ሰው ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በፊልም ላይ በየሳምንቱ ያለ ማስረጃ መፍረድ የለመደ አፍ፣ ጎረቤት ዕቃ ሲጠፋ ዝም አይልም። በረንዳው ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ግምት ይቅር እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም። ከግምት የበለጠ የምወደው ነገር የለም። ሲዝን 4 ላይ አንዲት እህታችን ስለ ጠፉት ተመራማሪዎች የጻፈችውን ግምት አንብቡት። ትሳሳት እንጂ የእያንዳንዱን ክፍል ፍንጭ በደቂቃው መዝግባለች፣ የማይገጥመውንም ራሷ "ይኼ አልገጠመልኝም" ብላ ጽፋለች። እኔ እንደዚያ ዓይነት ስህተት ይሻለኛል። "ሁኔታው" ብሎ ግምቱ ከሰመረለት ሰው ጋር ግን ቡና አልጠጣም።

ሌሎች ሁለት ነገሮች ነበሩኝ፤ ጊዜዬ አልቋል፣ ባጭሩ ልናገራቸው። አንደኛ፣ ቀድሞ አይቶ መጨረሻውን የሚናገር ሰው ጉዳይ ነው። ያልተሰጠውን አገር የሚገዛ ነውና ኮሚቴው ይነጋገርበት። ሁለተኛ፣ ክፍሎቹ በየሳምንቱ ሲወጡ በየሳምንቱ እንድናይ እለምናለሁ፤ ሁሉንም አጠራቅሞ በአንድ ሌሊት ማየት የክርክሩን ጊዜ ይበላዋል።

አሁን ደብተሩ። አሮጌው ሞልቷል፣ አዲስ ገዝቻለሁ። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ገጹን ሁሉ በማስመሪያ ለሁለት ከፍዬዋለሁ። በግራ "ማን" ይላል፣ በቀኝ "በምን ታወቀ"። የቀኙ ባዶ ከሆነ የግራውን በስብሰባ ላይ አናነበውም። በዚህ የማይስማማ ካለ ይነሳና ይከራከረኝ፤ ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምንም አልጻፍኩም። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ኑ፣ ማን ይጀምራል?