ስንት ውጤት ኢንጂነሪንግ ያስገባል?

ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ወደዚህ ቻናል የሚጎርፉት ጥያቄዎች «ይህን ያህል አምጥቻለሁ፤ ጅማ ኢንጂነሪንግ ይደርሰኛል ወይ?» የሚሉ ናቸው። ቁጥሩ ይለዋወጣል እንጂ ጥያቄው አይለወጥም። መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ውጤታችሁ ብቻውን ይህን አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ስንተኛ እንደሆናችሁ፣ ከስንት ተወዳዳሪ እንደሆነ እና ለስንት ወንበር እንደተሰለፋችሁ ነው። ስንተኛ፣ ከስንት፣ ለስንት ወንበር፤ እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ።

ጅማ ተቀምጦ ስለ ደረጃ አወጣጥ እያወሩ ቡናን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። ቡና ለምርመራ ሲቀርብ መጀመሪያ ናሙናው በጥሬው ይታያል፤ የተሰበረው፣ የጠቆረው፣ በነቀዝ የተበላው ፍሬ ይቆጠራል፣ መልኩና ሽታው ይገመገማል፣ ይህም ከ40 ይያዛል። ከዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ሙቅ ውኃ ይፈስበታል፤ ቀማሾቹም በማንኪያ እየጨለፉ ንጽሕናውን፣ አሲዳማነቱን፣ ክብደቱንና ቃናውን ከ60 ይመዝናሉ። ደረጃው የሚወጣው ሁለቱ ተደምረው ነው። በመሆኑም በጥሬው ያማረ፣ ፍሬው አንድ ወጥ የሆነ፣ ባለቤቱ «ይህስ አንደኛ ነው» ብሎ የተማመነበት ቡና ቅምሻው ላይ ሻጋታ ሻጋታ ብሎ ሊያሳፍረው ይችላል፤ በጥሬው መካከለኛ የነበረው ደግሞ ስኒው ውስጥ ሲገባ ሌላ ሆኖ ይገኛል። (ይህን ቪዲዮ ቡና እየጠጣችሁ የምትመለከቱ ካላችሁ የእናንተው ስኒ የስንተኛ ደረጃ እንደሆነ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን።) እንግዲህ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት የጥሬው ምርመራ ነው፤ ቅምሻው የፍሬሽማን ማለትም የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ነው። ልብ በሉ፣ 40 እና 60 የቡናው ምጣኔ ነው፤ የዩኒቨርሲቲዎች ምጣኔ እንደየተቋሙ ይለያያል።

አሠራሩን ስለምታውቁት በፍጥነት ልለፈው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይመርጣል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል፣ ፍሬሽማን ይማራል፣ ከዚያ በተቋሙ ውስጥ መስክና ትምህርት ክፍል ይመርጣል፤ ውድድሩም በጂፒኤውና በመግቢያ ውጤቱ ይሆናል። 50 ያልሞላው ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) የመግባት ዕድል ሊኖረው ይችላል። አዲስ አበባ እና አዳማ ያሉት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የመግቢያ ፈተና ስላላቸው እነርሱን የሚፈልግ ለብቻው ይዘጋጅ።

አሁን ወደሚያስጨንቀን ጉዳይ እንምጣ። በርካታ ተመልካቾች የሕንድ የኢንጂነሪንግ መግቢያ ፈተና ቪዲዮዎችን እየተመለከቱ «እዚያ 90 ያመጣ እንኳ ጥሩ ኮሌጅ አይገባም ይባላል፤ እኛ አገር 60 በመቶ ያመጣ እንዴት ኢንጂነር ይሆናል?» ብለው ጽፈውልናል። አንዳንዶቹማ የፈተና አራሚዎቻችንን ለጋስነት እስከ መውቀስ ደርሰዋል። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት አይደሉም።

በሕንድ ጄኢኢ ሜይን በተሰኘው ፈተና ለተማሪው የሚነገረው ፐርሰንታይል ነው። 90 ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ ጥያቄ ዘጠናውን መለሰ ማለት አይደለም፤ ከመቶ ተፈታኞች ዘጠናው ከእርሱ እኩል ወይም ከእርሱ በታች አምጥተዋል ማለት ነው። ፈተናውን ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ስለሚወስዱት 90 ፐርሰንታይል ያለው ተማሪ ከፊቱ ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተሰልፎበታል። «90 እንኳ አይበቃም» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የእኛስ? የእኛ ውጤት የጥሬ ነጥብ ድምር ነው። ይህንኑ ወደ ሰልፍ እንቀይረው። በ2017 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱንም መስክ፣ ተፈጥሮ ሳይንስንና ማኅበራዊ ሳይንስን፣ አንድ ላይ ብንወስድ በዚያ ዓመት ከ600 ልክ 300 ያመጣ ተማሪ፣ «ለጥቂት አለፍኩ» ብሎ አንገቱን የደፋው ተማሪ፣ 91 በመቶ ከሚሆኑት ተፈታኞች በላይ ቆሞ ነበር። አሁን ወደኋላ እንሂድ፤ በ2016 ዓ.ም. ያለፉት 5.4 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ያው 50 በመቶ በ2015 ከመቶ ሰው መካከል ከሦስቱ ተርታ ያሰልፋል፤ በ2017 ግን ከስምንቱ ተርታ። ውጤቱ አንድ፣ ቦታው ሌላ! የወንድማችሁን ወይም የእኅታችሁን የዛሬ ሁለት ዓመት ውጤት ይዛችሁ «እሷ በዚህ ገብታለች፣ እኔም እገባለሁ» የምትሉ ተማሪዎች ይህን ደግማችሁ አዳምጡልኝ። መቁረጫ ነጥብ የሚባለው አስቀድሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ሳይሆን የመጨረሻውን ወንበር የያዘው ተማሪ ነጥብ ነው፤ ወንበሩ ሲጨምር ይወርዳል፣ ፈላጊው ሲበዛ ይወጣል።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ማለትም ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ስለመግባት ስትጠይቁንም መልሱ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ጅማ መመደብ አንድ ሰልፍ ነው፤ ኪቶ ፉርዲሳ ገብቶ የወደዱትን ትምህርት ክፍል ማግኘት ሌላ ሰልፍ ነው። በእኔ አስተያየት ተማሪዎቻችን ስሙ የገነነውን ክፍል ብቻ እያሳደዱ ራሳቸውን በረጅሙ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ያቆማሉ። ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግን ተመልከቱ፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እየተማሩ የሕክምና መሣሪያዎችን አሠራር ማጥናት ቀላል ዕድል አይደለም፤ ነገር ግን ስለዚህ ክፍል የሚጠይቀን ተመልካች በጣት የሚቆጠር ነው።

«420 አምጥቻለሁ» ላሉን ተመልካች፦ ከ600 ከሆነ 70 በመቶ ነው፤ ማለፊያውን በሚገባ ተሻግረዋል። ትምህርት ክፍል ምርጫ ሲደርስ ግን ተቋሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ዘንድሮ ክፍሉ ስንት ተማሪ ይቀበላል፣ አምና የመጨረሻው የገባው ተማሪ ጠቅላላ ነጥብ ስንት ነበር፣ ጂፒኤውና የመግቢያ ውጤቱስ በምን ምጣኔ ይደመራሉ? መልሱን ስታገኙ ላኩልን፤ ስሌቱን በሚቀጥለው ቪዲዮ አብረን እንሠራዋለን፤ እንዳያመልጣችሁም ሰብስክራይብ አድርጉና ደወሏን ተጫኑ።