ሶሻል ነኝ ብላችሁ ይቅርታ አትጠይቁ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ አሠልጣኞቻችን፣ የዛሬ የዳታ ሳይንስ ተመራቂዎች፣ ከሥራ ቀርታችሁ የመጣችሁ ወላጆች፦ እንኳን ደስ አላችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ከሌላ ሙያ ወደ ዳታ ሳይንስ እንዴት ይገባል?» የሚል ነው። ዳታ ሳይንስ ስንል መረጃን ሰብስቦ፣ ከስሕተት አጽድቶና ተንትኖ ትርጉም ማውጣት ነው። ጥያቄውን እመልሰዋለሁ። መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣው።

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል የሶሾሎጂ ምሩቅ አለ። የታሪክ መምህርት አለች። አካውንታንት አለ፣ ነርስ አለች። ባለፈው ሳምንት ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ቁጭ ብለን ስንጨዋወት፣ የአብዛኞቻችሁ ትውውቅ ተመሳሳይ ሆነብኝ። «እኔ እንኳን ሶሻል ነኝ፣ ያው እየሞከርኩ ነው» ትላላችሁ። ይቅርታ የምትጠይቁ ነው የሚመስለው። በጣም አናደደኝ። የተናደድኩት በእናንተ አይደለም፤ ይህን ባስለመዷችሁ ሰዎች ነው።

ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። አሥረኛ ክፍል ሲያልቅ ጎበዝ የተባለው ናቹራል ይገባል። ሶሻል የመረጠው «ሒሳብ ከብዶት ነው» ይባላል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ሰባ ሠላሳ ሆነ፤ 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ። አገር መሐንዲስ ያስፈልገኛል ማለቷ ጥፋት አይደለም። ሠላሳው ውስጥ የገባነው ግን እንደ ተራፊ ታየን። ሶሻል ተማሪም እኮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ሒሳብ ተፈትኖ ነው! ይህን የሚያስታውሰው ማነው?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ ያገኘሁት ሥራ መረጃ ሰብሳቢነት ነው። ታብሌት ይዞ፣ ውሻ እየፈሩ፣ ቤት ለቤት መዞር። የሠራችሁት ታውቁታላችሁ። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ስትሉ ወደ ልጃቸው ዞር ይሉና «እኔ እንጃ፣ ስልሳ በለው» ይላሉ። ስለዚህ የገጠር ዕድሜ መረጃ ስትከፍቱ 40 ላይ፣ 50 ላይ፣ 60 ላይ ሰው ተከምሮ ታገኛላችሁ። 41 እና 59 ላይ ጭር ያለ ነው። መሬቱ በጥማድ ይነገራችኋል፣ እህሉ በቁና። የቁናው ልክ ደግሞ ከገበያ ገበያ ይለያያል። እኔ ይህን በኮርስ አልተማርኩትም። በእግር ተሄዶ ነው የሚታወቀው።

በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት በመስክ አስተባባሪነት ተቀጠርኩ። ማታ ማታ ፓይተን የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ቋንቋ እማር ነበር። በገጠር ተማሪዎች ላይ አንድ ጥናት ተሠራ። ፋይሉን ያጸዱት ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ ኮድ በመጻፍ እኔን ያስከነዱኛል። ሪፖርቱ ሊያልቅ ተቃርቧል። ዋናው ግኝት ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በጣም ዘግይተው ነው የሚል ነበር። አንደኛ ክፍል ውስጥ የ15 ዓመት ልጅ ሞልቷል። ገጠር ነዋ! ማንም አልተጠራጠረም።

እኔ ግን እነዚያን ክፍሎች በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ዘግይቶ የጀመረ ልጅ አለ፣ አልክድም። ክፍሉ በሙሉ ጎረምሳ ሆኖ ግን አላየሁም። የመጀመሪያውን ፋይል አስከፈትኩ። የልደት ቀኑ የተሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። በ2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ፣ ጥናቱ በተካሄደበት በ2015 ዓ.ም. 7 ዓመቱ ነው። ኮዱ 2008ን በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ ከ2023 ላይ ቀነሰው። ልጁ 15 ዓመት ሞላው!

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። «የተሳሳተ ቀን» ተብለው የተሰረዙ መስመሮችም ነበሩ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ጳጉሜን የተወለዱ ልጆች በሙሉ ወጥተዋል፤ ኮምፒውተሩ 13ኛ ወር አያውቅማ። ጥቅምት 30 የተወለዱትም የሉም። 30/2 ሲያይ ፌብሩዋሪ 30 መስሎት ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። ጳጉሜን መወለድ ከአገር ቆጠራ ያስወጣል እንዴ?

ፋይሉን ያጸዱትን ልጆች አልወቅስም። ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ጳጉሜን ያውቃሉ። ፎርሙ ሲሞላ ግን አላዩም። ያየውን ሰው ከጎናቸው ያላስቀመጠው መሥሪያ ቤቱ ነው። ሪፖርቱ እንደዚያው ወጥቶ ቢሆን፣ ለሌለ ችግር ስንት ስብሰባ ይጠራ ነበር? ስንት ብር ይመደብ ነበር?

ብዙም ሳይቆይ ያው መሥሪያ ቤት የዳታ ተንታኝ ፈልጎ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አወጣ። «በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በሶፍትዌር ምህንድስና ወይም በተዛማጅ ዘርፍ የተመረቀ» ይላል። ሶሾሎጂ ተዛማጅ አይደለም አሉኝ። ስሕተቱን ያገኘሁላቸው እኔ፣ ለማመልከት እንኳን አልበቃሁም!

ይህ ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ሲጀመር፣ ስለ ዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስ አለበት፣ በነፃ ነው፣ ማንም ይመዝገብ ተባለ። ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎናል፣ ብዙዎቻችሁም ወስዳችሁታል። ታዲያ ተማሩ ብለን ከጠራናቸው በኋላ፣ ሥራው ሲመጣ በዲግሪያቸው ስም በር የምንዘጋባቸው ለምንድን ነው? ሰርተፍኬቱ ለግድግዳ ጌጥ ነው?

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነርስ ነበረች። በክራይሚያ ጦርነት ወታደሩን ከቁስሉ ይልቅ በሽታ እየገደለው እንደነበር በሥዕላዊ ሰንጠረዥ ያሳየችው እሷ ናት። በ1858 እ.ኤ.አ. የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል አድርጎ ተቀበላት። ሐንስ ሮዝሊንግም የዓለምን ጤናና ገቢ በሚንቀሳቀስ ግራፍ ከማሳየቱ በፊት ሞዛምቢክ ውስጥ ሕመምተኛ የሚያክም ሐኪም ነበር። ሁለቱም ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያውቁ ነበር።

ወደተሰጠኝ ርዕስ ልመለስ። ስታቲስቲክስን አትዝለሉ። እሱን ዘልሎ ኮድ ብቻ የያዘ ሰው የትም አይደርስም፤ እዚህ ላይ የምናባብላችሁ ነገር የለም። ከመረጃ ቋት መረጃ የሚወጣበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን፣ ቀድማችሁ ልመዱ፤ የአብዛኛው ድርጅት መረጃ የተቀመጠው በመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ኤክሴልን አትናቁ። ሥራችሁን ለማሳየት የጀማሪዎች መለማመጃ የሆነውን የታይታኒክ መርከብ መንገደኞች መረጃ አታቅርቡ፤ ሁሉም ሰው ሠርቶታል። ነርሷ የምታውቀውን የክትባት መዝገብ ትሥራ፣ የሰው ስም አጥፍታ። አካውንታንቱ የሚያውቀውን ደረሰኝ ይሥራ። ሌላውን አሠልጣኞቻችሁ ከእኔ በተሻለ ነግረዋችኋል።

የቀረኝ ከፊት ለተቀመጣችሁት ቀጣሪዎች ነው። ዲግሪውን አትመልከቱ እያልኩ አይደለም። «ተዛማጅ» የምትለውን መስመር ከማስታወቂያው ሰርዙና ፈተና ስጡ። ካላችሁ መረጃ የተዝረከረከውን ፋይል ምረጡ፣ የሰው ስም ያለበትን አጥፉ፣ ለአመልካቹ ሁለት ሰዓት ስጡት። ምን ስሕተት አገኘህ፣ እንዴት አወቅክ ብላችሁ ጠይቁት። የወደቀው ይውደቅ። የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቁም፣ የታሪክ መምህርቷም እኩል ይፈተኑ።

የተመራቂዎቹ ሥራ ከኋላ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተከፍቷል። ከዚህ ወጥታችሁ መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጎራ በሉና ጠይቋቸው። ምን ተማርሽ ሳይሆን፣ ይህን መረጃ ከየት አመጣሽው፣ ምኑን አስተካከልሽ በሏት።

አመሰግናለሁ።