ትዕዛዙን ያደረሱት፦ ለጡረተኛ የመገናኛ መኮንኖች ክብር በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ጡረተኛ የመገናኛ መኮንኖች፣ የቤተሰብ አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፤

ስለ ጦር ሜዳ ሲወራ የአዛዡና የተዋጊው ስም ይነሳል፤ ትዕዛዙን ያደረሰው ሰው ግን እምብዛም አይታወስም። ዛሬ ምስጋናችንን የምናቀርበው ሙያችሁ ምን ምን እንደሚጠይቅ በዝርዝር በመናገር ነው።

ከአባይ በረሃ እንጀምር። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ሸለቆው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ታች ድልድዩ አጠገብ ያለ ወታደር በጀርባው ያዘለው ሬዲዮ ከ30 እስከ 76 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ደብረ ማርቆስን አያገኝም፤ ሞገዱን ገደሉ ያስቀረዋል። ልምድ የሌለው ኦፕሬተር ሬዲዮው ተበላሽቷል ብሎ ባትሪ ይቀያይራል። መኮንኑ ግን ወደ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ዞሮ ለአንቴና የሚሆን ሽቦ ያስለካል። ስሌቱን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፦ 143 ሲካፈል ለሜጋኸርዙ የሽቦውን ርዝመት በሜትር ይሰጣል። ለ7 ሜጋኸርዝ 20.4 ሜትር ይመጣል፤ ከመሃል ግራና ቀኝ 10.2 ሜትር ይወጠራል። ከፍታው ከ4 እስከ 8 ሜትር ይበቃል። አንቴና ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል የሚለው እዚህ አይሠራም፤ ዝቅ ብሎ ሲወጠር ነው ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ አዮኖስፌር ከሚባለው ሞገድ መላሽ የከባቢ አየር ንብርብር ተመልሶ፣ ዙሪያውን እስከ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራራውንም ሸለቆውንም የሚያዳርሰው።

ፈተናው ፀሐይ ስትጠልቅ ይመጣል። አዮኖስፌሩ ይሳሳና ቀን ሲመለስ የነበረው 7 ሜጋኸርዝ ጥሶት ያልፋል። ስለዚህ ማታ ወደ 3.5 ይወረዳል፤ ያኔ የሽቦው ርዝመት እጥፍ ይሆናል፣ በየጎኑ 20.4 ሜትር። የቀኑን ሽቦ እንደተወ በማታው ፍሪኩዌንሲ የሚጣራ ኦፕሬተር ኃይሉ ወደ ራሱ ሬዲዮ ይመለስበታል፤ ማሰራጫው ይግላል፣ ባትሪው ያልቃል፣ የሚሰማው ግን የለም። የማታውን አንቴና ገና በብርሃን የሚያሰቅል መኮንን ያለው ክፍል ዕድለኛ ነው።

የሜዳ ስልክም ዓይን ይፈልጋል። መስመር ሲዘረጋ ሽቦው ከርቀቱ ሃያ በመቶ ያህል ተርፎ ይላላል፤ የተወጠረ ሽቦ ከብት ሲረግጠው ይበጠሳል። የተበጠሰ ጥንድ ሽቦ ሲቀጠል ሁለቱ ቋጠሮዎች ጎን ለጎን እንዳይውሉ አንዱ ሽቦ በአንድ ፒንሳ ርዝመት አጥሮ ይቆረጣል፤ አለበለዚያ ናስትሮው ዝናብ ሲገባው መስመሩ ሾርት ያደርጋል። ብልሽቱንም ያለ መሣሪያ በእጅ መለየት ይቻላል፦ የስልኩ እጀታ ሲዞር ከከበደ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል፣ ያለ ወትሮው ከቀለለ መስመሩ ተበጥሷል።

በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ተቋርጦ የሶቪየት መሣሪያ ሲተካ፣ በእንግሊዝኛ መመሪያ የሠለጠነው ትውልድ የሩሲያኛ ጽሑፍ ያለበትን ቁልፍ መልመድ ነበረበት። ሁለቱ ዓይነት ሬዲዮ ጎን ለጎን ሲውል ምን ሊያጋጥም እንደሚችል አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የአሜሪካው ፒአርሲ 77 እና የሶቪየቱ አር 105 ከ36 እስከ 46 ሜጋኸርዝ ላይ ይገናኛሉ። ይሁንና ፒአርሲው በስኩዌልች፣ ማለትም ጥሪ በሌለበት ጊዜ ሹክሹክታውን በሚዘጋው ቁልፍ፣ ከተቀመጠ 150 ኸርዝ ድምፅ ካልደረሰው ጆሮውን አይከፍትም፤ አር 105 ደግሞ ያንን ድምፅ አይልክም። ሁለቱም ሬዲዮ ደህና ሆኖ ሳለ ፒአርሲው ዝም ይላል። መፍትሔው ስኩዌልቹን አጥፍቶ ሹክሹክታውን ችሎ ማዳመጥ ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት በአንድ አገር መመሪያ ውስጥ አይገኝም፤ በሰው ጭንቅላት ነው ያለው፤ እኛንም የሚያሳስበን ይኸው ነው።

ጎርፍ ወይም የመሬት መንሸራተት የስልክ ማማ በጣለ ቀን ይህ ሁሉ ለሲቪሉም ያስፈልጋል። ስለዚህ በየጠረጴዛው ላይ ደብተር አስቀምጠናል። ምስጢርና ኮድ አንጠይቅም። የሠራችሁበትን አካባቢ፣ ቀንና ማታ የሠራላችሁን ፍሪኩዌንሲ፣ የአንቴናውን ከፍታ፣ መልእክት ለማቀበል የተመቸውን ኮረብታ፣ ክረምት ላይ ምን እንደሚለወጥ ጻፉልን። እጁ ለመጻፍ የሚያስቸግረው ካለ ወጣቶቹ አጠገቡ ተቀምጠው ይጽፉለታል።