ሽማግሌ የሚላክበት ኳስ

እንደምን አመሻችሁ! ዛሬ የማወራችሁ ስለኛው ኳስ አይደለም። እዚህ አትላንታ ልጆቻችን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ስለሚነጥቁን ስለዚያኛው፣ በእጅ ስለሚጫወቱት ፉትቦል ነው።

እንደ ፈረንጆቹ 2021 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ላይ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 10 ነጥብ ያህል ብቻ ነው የተቆጠረው። አንድ ታችዳውን (ኳሷን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ) እና አንድ ፊልድ ጎል (ኳሷን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መሃል ማሳለፍ)፣ አለቀ። ሰው ሁሉ የአሰልጣኝ ኪርቢ ስማርትን ታክቲክ ያደንቃል። እኔም አልክድም፣ ሰውዬው ተቀናቃኙ አላባማ ዩኒቨርሲቲ እያለም መከላከሉን የሚመራው እሱ ነበር። ግን ያ የመከላከል ግድግዳ የቆመው ከዓመታት በፊት ነው፤ አሰልጣኞች የ17 ዓመት ልጅ ቤት ሄደው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ እናትየዋን ሲለማመጡ። ሽምግልና በሉት፤ ልዩነቱ ያንኑ ልጅ ፈልጎ አላባማም ሽማግሌ መላኩ ነው።

ተከላካዩን ኪሊ ሪንጎን ከአሪዞና ድረስ ነው ያመጡት፣ ባለ አምስት ኮከብ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች የሚሰጠው ከፍተኛው ደረጃ ነው። ለዋንጫው ከአላባማ ሲጋጠሙ፣ መጨረሻ ላይ ኳሷን ጠልፎ 79 ያርድ ሮጠና 33 ለ 18 አለቀ።

ኮከብ ሰጪዎቹ፣ የኛ "ኮከብ ቆጣሪዎች"፣ ይሳሳታሉም እንግዲህ። ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ጆርዳን ዴቪስ የተሰጠው ሦስት ኮከብ ነበር። ጆርጂያዎች ግን አይተውታል። እንዲህ ያለ ግዙፍ ሰው ደግሞ ቶሎ ይደክማል፣ ጨዋታውን ሙሉ ሜዳ ላይ አታቆየውም። ወሳኙ እሱ ሲወጣ የሚገባው ማን ነው የሚለው ነው፤ እዚያ ቡድን ውስጥ እነ ጄለን ካርተር ነበሩ፣ በኋላ የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን በተራ በሚወስድበት ዓመታዊ ምርጫ በ9ኛነት የተወሰደው ልጅ! የተጋጣሚ አጥቂዎች ሲዝሉ ጆርጂያ ትኩስ እግር ያስገባል። በ2022ቱ የኤንኤፍኤል ምርጫ ከዚያ መከላከል አምስት ልጆች በመጀመሪያው ዙር ተወሰዱ።

አሁን ነገሩ ከብዷል። ከ2021 ወዲህ ልጆቹ በስማቸው ገንዘብ ያገኛሉ፣ ዩኒቨርሲቲ መቀየርም ቀሏቸዋል፤ ቤንች ላይ በትዕግስት የሚጠብቅ እየጠፋ ነው።

ስለዚህ ቁመተ ረጅም ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኝ በራችሁን ካንኳኳ ቡናውን አፍሉለት፣ ከዚያ "ልጄ የሚሰለፈው በስንተኛ ዓመቱ ነው?" በሉት። በ2022 ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠው ትሬቮን ዎከር እንኳ ቋሚ ተሰላፊ የሆነው በሦስተኛ ዓመቱ ነው።