ማን ቀጠራቸው?

እሺ... እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። እንደተለመደው ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። የታችኛው ጎረቤት ጀነሬተር ዛሬ ዝም ብሏል፣ ተመስገን።

ስለ ሌላ ነገር ነበር ላወራ ያሰብኩት። ግን የእሁዱ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

አራት ኪሎ፣ እትዬ ቤት ነን። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ከሩቅ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። አቶ ለምን ቀና አለ። ታውቁታላችሁ አቶ ለምንን፣ «ዶሮ ለምን አትሸናም?» ብሎ ለቅሶ ቤት ያሳቀን ልጅ። «ጋሼ፣ ግን እንዴት ነው የሚበረው?» አለኝ።

ደረቴን ነፋሁ። አስራ አንድ ዓመት የአውሮፕላን መካኒክ ሆኜ ይሄን ላጣው? ማንኪያ አነሳሁ። «ይኸው፣ የማንኪያው ጀርባ የክንፉ ላይ ነው። ጎበጥ ስላለ መንገዱ ይረዝማል። ከስር ያለው አጭር ነው። አየሩ ፊት ላይ ለሁለት ይከፈላል። ኋላ ላይ እኩል መድረስ ስላለባቸው የላይኛው ይሮጣል። የሮጠ አየር ግፊቱ ይቀንሳል። የስሩ ወደ ላይ ይገፋል። በረረ!»

ማንኪያውን አየ። እኔን አየ።

«ለምን እኩል ይደርሳሉ? ማን ቀጠራቸው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምን አልኩት? «ቆሎህን ብላ።»

ቆሎህን ብላ! ድምፄም ደግሞ... እትዬ ዞር ብላ አየችኝ። ልጁ ቆሎውን በላ። አንድ በአንድ። ከዚያ በኋላ እስክወጣ አንድም «ለምን» አልወጣውም።

ማታ የድሮ ደብተሬን አወጣሁ። እዚያው አለ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ «እኩል ለመድረስ»። ጎኑ ላይ የመምህሩ ቀይ ራይት። በዚህ ነው ያለፍኩት። በዚህ ነው ተለማማጆችን ያስተማርኩት።

ደግሞ ማንም አልቀጠራቸውም። በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ጭስ እየቆራረጡ ሲለቁ ይታያል፤ የላዩ ጭስ ከስሩ ቀድሞ ኋላ ይደርሳል። እንኳን ሊጠባበቁ፣ ጥሎት ነው የሚሄደው። የሒሳብ ሊቁ በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ስለ ፈሳሽ ያለው ልክ ነው፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ አየርም እንደዚያው። ቀጠሮውን ግን እሱ አላመጣውም። እኛ ነን የጨመርንበት። ደግሞስ ጉብጠቱ ብቻ ቢሆን በጀርባው የሚበረው አውሮፕላን መሬት ይገባ ነበር። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ያጎነብሰዋል፣ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ የኒውተን ሕግ፣ የገፋኸው መልሶ ይገፋሃል። ሁለቱም የአንድ ነገር ሁለት ገጽታ ናቸው።

ይሄን እኮ እጄ ያውቀዋል! ልጅ ሆኜ ከፒያሳ ወደ ለገሃር በታክሲ ስንወርድ፣ ቸርችል ቁልቁለቱ ላይ እጄን በመስኮት አወጣ ነበር። መዳፌን ትንሽ ቀና ሳደርግ ይነሳል። ታክሲው ሲፈጥንማ አይጣል ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያነሳው ኃይል አራት እጥፍ ነው። በጣም ካቀናሁት ግን ማንሳቱን ትቶ ወደ ኋላ ብቻ ይጎትተኛል። ወያላው «እጅህን አስገባ አንተ!» ይላል። ያ ወያላ ከደብተሬ የተሻለ መምህር ነበር።

እዚህ አገር ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እፍግታው ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ያንኑ ክብደት ለማንሳት ከ10 በመቶ በላይ መፍጠን አለብህ፣ ለዚያ ደግሞ ረጅም ሜዳ ያስፈልጋል። የእትዬ ባቄላ አልበስል የሚለውም ከዚሁ ነው፤ ውኃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላና እዚያው ይቀራል። ይሄን ብነግረው እንዴት ደስ ይለው ነበር።

ቆይ ግን... ስንት ቀጠሮ ይዤ ነው የምዞረው? የጥገናው ማኑዋል ተሳስቷል እያልኩ አይደለም፣ እንዳታጣሉኝ። ቶርክ ሬንች ላይ፣ ማለት ቦልት ምን ያህል እንደጠበቀ የሚያሳየው ቁልፍ ላይ፣ ማራዘሚያ ወደ ፊት ሲቀጠል ቦልቱ ሬንቹ ከሚያሳየው በላይ ይጠብቃል። በ90 ዲግሪ ከታጠፈ አይለወጥም። ይሄን አውቃለሁ፤ ለምን ብዬ ጠይቄ፣ በእስኪብርቶ ስዬ፣ ክንድ በኃይል አባዝቼ ነው ያወቅኩት። ሌላውስ? ሌላውን ምናልባት ሰው ቆሎህን ብላ ብሎኝ ይሆናል። ወይም... አላውቅም፣ ይሄ እንኳን ትንሽ ተጋነነ።

ሐሙስ ደወልኩ። እትዬ ስልኩን ሰጠችው። «የማንኪያውን ነገር ተሳስቼ ነበር» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። እሺ ብቻ! እሱ እኮ እሺ ብሎ አያውቅም። «ለምን እንደሆነ ልንገርህ?» ስለው «ቤት ሥራ አለብኝ» አለኝ።

ምናልባት እውነትም ቤት ሥራ ነበረበት። እሁድ እሄዳለሁ። ወረቀት ልይዝ ነው፣ ምናልባት ፀጉር ማድረቂያም። ግን ራሱ ሳይጠይቀኝ ብጀምርለት... ኧረ በቃ፣ ጀነሬተሩ ተነሳ። ይሰማችኋል?